ሻርል ዣክ ፖንሴ፦ በጎንደር ቤተ መንግሥት የሠራ መድኃኒት ቀማሚ

የጎንደርን የፋሲል ግቢ የሚጎበኝ ሰው ከታላቁ ኢያሱ ግንብ ፊት ሲደርስ፣ በአንድ ወቅት አዳራሹን አስጊጠውት ስለ ነበሩት ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይነገረዋል። በዚያው ግቢ ውስጥ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት አንድ መድኃኒት ቀማሚ ተቀምጦ ንጉሠ ነገሥቱንና ልጃቸውን እንዳከመ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ ሰው ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ወደ ጎንደር የገባው በሐምሌ ወር 1691 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1699)፣ ከከተማዋ የወጣው ደግሞ በሚያዝያ ወር 1692 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ያከናወነው ሥራ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በአብዛኛው ከዲፕሎማሲና ከሃይማኖት ጉዳይ ጋር ተያይዞ ነው። በመድኃኒት ሙያ ለተሰማሩ ሰዎች ግን ሕይወቱ ሌላ ቁም ነገር ይዟል። መድኃኒት የሚያዘጋጅ ሰው ሥራው መድኃኒቱን አስረክቦ ያበቃል ወይስ በሽተኛው እስኪድን ድረስ ይቀጥላል የሚለው፣ ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚያከራክር ጥያቄ በፖንሴ ታሪክ ውስጥ ከመልሱም ከጉድለቱም ጋር ይገኛል።

የካይሮው ባለመድኃኒት

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ካይሮ በኦስማን ቱርክ ግዛት ሥር የነበረች ታላቅ የንግድ ከተማ ነበረች። ከህንድና ከየመን፣ ከሱዳንና ከሶርያ የሚመጣው ቅመማ ቅመም፣ ሙጫ፣ ሥራሥርና ማዕድን ሁሉ በገበያዋ ይገናኝ ነበር። ለመድኃኒት ቀማሚ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ፖንሴ ከኢትዮጵያ ጉዞው በፊት ለዓመታት የኖረው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ መድኃኒት እያዘጋጀ በሽተኞችንም ያክም ነበር። በአውሮፓ ሰነዶች ውስጥ አንድ ጊዜ ሐኪም፣ ሌላ ጊዜ መድኃኒት ቀማሚ ተብሎ የሚጠራው ሁለቱን ሥራ በአንድ እጁ ይዞ ስለ ነበረ ነው። ባለ ዲግሪ ሐኪሞች በብዛት በማይገኙበት በካይሮው የፈረንጆች ሰፈር ይህን የሚቃወም አልነበረም። ኋላ ግን ይኸው ነገር ለጠላቶቹ መሣሪያ ሆነ።

በዚያው ዘመን በጎንደር ዙፋን ላይ የነበሩት አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ማለትም ታላቁ ኢያሱ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706) የነገሡ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፣ በዘመቻና በአስተዳደር ስማቸው የታወቀ መሪ ናቸው። ይሁን እንጂ የቆዳ በሽታ ያስቸግራቸው ጀመር፤ በሽታው ወደ ሥጋ ደዌ እንዳይለወጥ ተሠጋ። ከልጆቻቸውም አንዱ በተመሳሳይ ሕመም ይሠቃይ ነበር። የሥጋ ደዌ ወሬ ለማንም ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ለዘውድ ቤተሰብ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ወሬው ያስፈራል።

ስለዚህ ለንግድና ለመልእክት ወደ ግብፅ ይመላለስ የነበረው ሐጂ ዓሊ የተባለ የንጉሡ ወኪል ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ ታዘዘ። ሐጂ ዓሊ እሱም ታማሚ ነበረ። ካይሮ ሲደርስ የፖንሴን መድኃኒት ወስዶ ተሻለው፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ሐኪም መፈለግ አላስፈለገውም። የምርጫው መነሻ የምስክር ወረቀት ወይም ዝና ሳይሆን በራሱ ገላ ላይ ያየው ውጤት ነበር። በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ቤንዋ ደ ማዬም ጉዳዩን ከመንግሥቱ ጥቅም ጋር አገናኝቶ ደገፈው። ፈረንሳይ ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት ለመክፈት ትመኝ ስለ ነበር የአንድ ታማሚ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

በበረሃና በቆላ

ፖንሴ ከካይሮ የተነሣው በሰኔ ወር መጀመሪያ 1690 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 1698) ነበር። አብረውት አባ ሻርል ፍራንሷ ብሬቭዳን የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። ኢየሱሳውያን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተፈጠረው የሃይማኖት ጦርነት በኋላ በአፄ ፋሲለደስ ትእዛዝ ከኢትዮጵያ የተባረሩ በመሆናቸው፣ ካህኑ ዮሴፍ የሚባል የሐኪሙ አገልጋይ መስለው ተጓዙ። ለካህን የተዘጋው በር ለመድኃኒት ቀማሚ ክፍት ነበርና፣ የመድኃኒቱ ሣጥን ከመንግሥት የተጻፈ ደብዳቤ ሊከፍተው የማይችለውን መንገድ ከፈተ።

ጉዞው በዓባይ ወንዝ ወደ ላይኛው ግብፅ፣ ከዚያም በአስዩጥ አጠገብ ካራቫኑ እስኪሰበሰብ ከተጠበቀ በኋላ፣ በመስከረም ማብቂያ 1691 ዓ.ም. በምዕራቡ በረሃ በኩል ቀጠለ። በረሃውን በግመል አቋርጠው ዶንጎላ ደረሱ፤ ከዚያም የፉንጅ ነገሥታት መቀመጫ ወደ ነበረችው ወደ ስናር ገቡ። ከስናር የወጡት በግንቦት ወር ስለ ነበረ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ሲቃረቡ ክረምቱ ያዛቸው። የምዕራቡን ቆላ በክረምት መግቢያ ማቋረጥ ለለመደውም ቢሆን አደገኛ ነው፤ ንዳዱ ከደጋ የወረደውንም ከበረሃ የመጣውንም አይምርም።

ፖንሴም አባ ብሬቭዳንም ታመሙ። ካህኑ ጎንደር ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ሲቀራቸው ባርኮ በተባለ ስፍራ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ አረፉ። ፖንሴ በጽሑፉ ውስጥ የሞታቸውን ምክንያት ቀደም ብለው ያለ አግባብ ከወሰዱት ኃይለኛ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጋር ያያይዘዋል። ነገሩ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው። ለመድኃኒት ባለሙያ ግን ቆም ብሎ የሚያስብበት ጉዳይ ነው። አንድ የመድኃኒት አዋቂ ከጓደኛው ጋር ዓመት ሙሉ በአንድ ካራቫን ተጉዟል፤ ያም ጓደኛው ከጉዞው አስቀድሞ በሌላ እጅ የተሰጠውን መድኃኒት ጉዳት በሆዱ ይዞ ይሄድ ነበር። በሽተኛን ከዚህ በፊት ምን እንደ ወሰደ አስቀድሞ መጠየቅ በዛሬው የክሊኒካል ፋርማሲ ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ የሆነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በየዘመኑ ስለ ደረሰ ነው። ፖንሴ የሚያክማቸውን ንጉሥ ገና ሳያይ የቅርብ ጓደኛውን በመድኃኒት ጉዳት አጣ።

በግንቡ ውስጥ

ፖንሴ ብቻውን፣ ሕመሙ ሳይለቀው፣ በሐምሌ አጋማሽ 1691 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከንጉሡ ልጆች የአንዱ ማረፊያ አጠገብ ክፍል ተሰጠው፤ እስኪያገግምም ድረስ ተጠበቀ። ይፋዊው አቀባበል የተደረገለት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ራሱ ታማሚ ሆኖ መግባቱ ለሥራው ጥሩ መነሻ አይመስልም፤ ቢሆንም በዚያ የዕረፍት ጊዜ የቤቱን ሥርዓትና የሚያክማቸውን ሰዎች ለማወቅ ዕድል አግኝቷል።

ፖንሴ ያያት ጎንደር በጥንካሬዋ ላይ የነበረች ከተማ ናት። ገበያዋ የሚውለው በሰፊ ሜዳ ላይ እንደ ነበረ፣ ሸቀጡ በምንጣፍ ላይ እየተዘረጋ እንደሚሸጥ፣ መገበያያውም ወርቅና የአሞሌ ጨው እንደ ነበረ ጽፏል። የንጉሡን ግርማ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓትና የሕዝቡን ኑሮ በዝርዝር ገልጿል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስለ ጎንደር ከተጻፉት የውጭ ሰዎች ምስክርነቶች አንዱ የእርሱ በመሆኑ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ጎንደር ደግሞ የራሷ የሕክምና ዕውቀት ያላት ከተማ ነበረች። ደብተራዎች በብራና የጻፉት የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ወጌሻው፣ ጸበሉ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ የሚጠጣው ኮሶ ሁሉም ቦታ ነበራቸው። ኮሶ ራሱ ለመድኃኒት መጠን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከደጋው ዛፍ የሚለቀመው የሴቴዋ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ሲያንስ የኮሶን ትል አይነቅልም፤ ሲበዛ ያስታውካል፣ ያዝላል፣ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል፣ ሰውንም እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ የሚበጠብጥለት ሰው የጠጪውን ዕድሜ፣ አቅምና ሁኔታ ማወቅ ነበረበት። መድኃኒትን ከሚወስደው ሰው ለይቶ አለማየት በሰሜን ጎንደር ደጋ የኖረ ዕውቀት ነው ማለት ይቻላል።

ፖንሴ በዚህ አገር የመጣ ባዕድ ነበር። ለአንድ ንጉሥ ከባዕድ እጅ መድኃኒት መዋጥ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የሚጠጣ ሁሉ አስቀድሞ በሚቀመስበት ባህል ውስጥ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ዱቄትና ቅባት ወደ ንጉሡ ገላ እንዲቀርብ ለመፍቀድ መተማመን ያስፈልጋል። ይህን መተማመን የፈጠረው መቀራረብ ነው። የፖንሴ ማረፊያ ከንጉሡ ክፍሎች ጋር በመተላለፊያ የተገናኘ ስለ ነበር ታማሚና አካሚ በየጊዜው ይገናኙ ነበር። ንጉሡ ለዕውቀት የሚጓጉ፣ ጠያቂ ሰው እንደ ነበሩም ፖንሴ መስክሯል።

ሕክምናው ተሳካ። ፖንሴ እንደሚለው ንጉሡም ልጃቸውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ዳኑ። ሥራውን ከዛሬ የሙያ ዓይን ስናየው ብዙ ክፍል አለው። ታማሚውን አይቷል፤ መድኃኒቱን መርጧል፤ በእጁ ቀምሟል፤ ከሰጠም በኋላ እዚያው ተቀምጦ የሆነውን ተከታትሏል። መድኃኒቱን ሽጦ አልሄደም። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ቀማሚዎች ለቆዳ በሽታ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች መካከል ድኝና ባዜቃ ዋነኞቹ ነበሩ። ባዜቃ በልክ ካልተያዘ ምራቅ ያዘንባል፣ ጥርስ ያናጋል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። እንዲህ ባለ ዘመን የቆዳ በሽተኛን አክሞ ሳይጎዱ ማዳን መድኃኒቱን ከማወቅ በላይ በሽተኛውን ዕለት ዕለት ማየትን ይጠይቅ ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የታሪኩ ጉድለት ይታያል። ለንጉሡ የተሰጠው መድኃኒት ከምን ከምን እንደ ተቀመመ፣ በምን መጠንና ለስንት ቀን እንደ ተሰጠ ለባለሙያ በሚበቃ ዝርዝር አልተጻፈም። የበሽታውም ምልክት ስም ሊሰጠው በሚያስችል ሁኔታ አልተገለጠም። የቆዳ በሽታ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚሽርም አለ። ስለዚህ ንጉሡ መዳናቸውን እንጂ መድኃኒቱ እንዳዳናቸው ማረጋገጥ አይቻልም። ፖንሴ ስለ ገበያውና ስለ ቤተ መንግሥቱ የሰጠውን ያህል ቀለም ለመድኃኒቱ ቢሰጥ ኖሮ፣ ዛሬ በእጃችን ያለው የመንገደኛ ትረካ ብቻ ሳይሆን በጎንደር የተጻፈ የሕክምና መዝገብ በሆነ ነበር።

መመለስና ክስ

ፖንሴ ንጉሡን ተሰናብቶ በሚያዝያ 1692 ዓ.ም. በሰሜን መንገድ ወደ ምጽዋ ወረደ። ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ከኢያሱ ወደ ፈረንሳዩ ንጉሥ ወደ ሉዊ 14ኛ መልእክተኛ ሆኖ እንዲሄድ ተመርጦ ነበር። መንገዱ በቀይ ባሕር፣ በጅዳና በሲና በኩል ሲሆን፣ ፖንሴ ካይሮ የደረሰው በ1693 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1701) ነው።

በካይሮ የጠበቀው ግን ምስጋና አልነበረም። ጉዞውን ደግፎ የነበረው ቆንስል ደ ማዬ የሙራድን መልእክተኛነት ተጠራጠረ፤ ጥርጣሬውም ወደ ፖንሴ ተሻገረ። የተፈለገው ዲፕሎማሲያዊ ፍሬ ባለመገኘቱ ጥፋተኛ መፈለጉ አልቀረም። ፖንሴ ወደ ፓሪስ ሄዶ ያየውን ቢናገርም በቃሉ የማያምኑ በዙ። ጭራሽ ጎንደርን አላየም የሚሉም ተነሡ። የጉዞው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1704 በኢየሱሳውያን የደብዳቤዎች ስብስብ ውስጥ ታተመ፤ በ1709 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። መታተሙም ክርክሩን አላቆመውም። እ.ኤ.አ. በ1728 ዮአኪም ለ ግራን የተባለው ፈረንሳዊ የፖርቱጋላዊውን የአባ ጄሮኒሞ ሎቦን መጽሐፍ ተርጉሞ ሲያሳትም፣ ከደ ማዬ ባገኘው መረጃ ተመርኩዞ የፖንሴን ተአማኒነት ነቀፈ።

የሰውዬው መጨረሻ የተቅበዘበዘ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ቢነሣም አልሆነለትም፤ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ወስዶት በፋርስ አገር በኢስፋሃን ከተማ ሞተ። እሱን ተከትሎ ከፈረንሳይ ወደ ጎንደር የተላከው አምባሳደር ለ ኗር ዱ ሩል በስናር በ1698 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1705) ተገደለ። ያከማቸው ንጉሠ ነገሥትም ዙፋኑ ለልጃቸው ለተክለ ሃይማኖት ካለፈ በኋላ በጣና ደሴት ሳሉ በ1699 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1706) በሰው እጅ ሞቱ። ቆዳቸው የዳነላቸው ንጉሥ ከፖለቲካው ሕመም አልዳኑም።

ቀማሚ ወይስ ሐኪም

በፖንሴ ላይ ከተሰነዘረው ንቀት ውስጥ አንዱ ክፍል የሙያ ንቀት ነው። ተራ መድኃኒት ሻጭ የንጉሥ ሐኪም ነኝ ማለቱ ለአንዳንዶች ለውሸታምነቱ እንደ ማስረጃ ይቆጠር ነበር። ይህን ለመረዳት የአውሮፓን ሥርዓት ማስታወስ ያሻል። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን ቄሣር ፍሬዴሪክ ዳግማዊ በሲሲሊ ያወጣው ሕግ የሐኪሙንና የቀማሚውን ሥራ ለየ። ሐኪሙ ይመረምራል፣ ያዝዛል፤ ቀማሚው የታዘዘውን ያዘጋጃል። ሕጉ ሁለቱ ተመሳጥረው በሽተኛውን እንዳይበዘብዙ የታሰበ በመሆኑ ጥሩ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በጊዜ ብዛት የሥራ ክፍፍሉ ወደ ማዕረግ ልዩነት ተለወጠ፤ ቀማሚውም ከበሽተኛው እየራቀ ሄደ።

የሚያስገርመው፣ የፖንሴ ጽሑፍ በታተመበት በዚያው በ1704 እ.ኤ.አ. ይኸው ጥያቄ በለንደን በፍርድ መታየቱ ነው። ዊልያም ሮዝ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ የሐኪም ትእዛዝ ሳይኖረው አንድ ሥጋ ሻጭ በማከሙ በሐኪሞች ማኅበር ተከሰሰ። በመጀመሪያ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ግን የእንግሊዝ የመሳፍንት ምክር ቤት ፍርዱን ሻረለት። ሕዝቡ፣ በተለይም ለሐኪም የሚከፍለው የሌለው ድኻ፣ በችግሩ ጊዜ የሚያገኘው ቀማሚውን ነበርና ይህን መከልከል ሕዝቡን መጉዳት ሆኖ ተገኘ። ከፍርዱ በኋላ የእንግሊዝ ቀማሚዎች ብዙዎቹ ውለው አድረው አጠቃላይ ሐኪሞች ወደ መሆን ሄዱ፤ የመድኃኒት ቤቱም ሥራ ለሌሎች ተተወ። እንዲህ ሆኖ መድኃኒትን ጠልቆ የሚያውቀው ባለሙያ እንደገና ከበሽተኛው አልጋ ራቀ።

ይህ ርቀት መጥበብ የጀመረው ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች ከምድር ቤቱ መድኃኒት ማደያ ወጥተው በዘጠነኛው ፎቅ የቀዶ ሕክምና ክፍል ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር መሥራት ጀመሩ። ሙከራው ክሊኒካል ፋርማሲ ለሚባለው ሙያ እንደ መነሻ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ምሁራን ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ፋርማሲስት የሚጠየቀው ስለ ሰጠው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን በሽተኛው ስላገኘው ውጤትም ጭምር መሆን አለበት የሚለውን አሳብ አስፋፉ። በሌላ አነጋገር ሐጂ ዓሊ በካይሮ ፖንሴን የመረጠበት ሚዛን የሙያው መመዘኛ ሆነ።

ከፖንሴ በኋላ በጎንደር

ከፖንሴ ሰባ ዓመት በኋላ በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። በከተማዋ ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበረ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች አክሞ ተወዳጅነት አተረፈ። ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ፖንሴ በእርግጥ ኢትዮጵያን ማየቱን መስክሮ ከከሳሾቹ ተከላከለለት። ብሩስም ራሱ በአገሩ ውሸታም ተብሎ ስለ ነበር የነገሩን ምሬት ያውቀዋል። ስለ ኮሶ የጻፈውና የሣለውም ዛፉን በአውሮፓ አሳወቀ፤ ኋላ ዛፉ በሳይንስ ስሙ ሃጌንያ የተባለው በኮኒግስበርግ ከተማ ለነበረው ለፋርማሲስቱ ለካርል ጎትፍሪድ ሃገን መታሰቢያ ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው ዋጊኖስ ደግሞ የብሩስን ስም ይዞ ብሩሲያ ተባለ።

በፖንሴና በብሩስ መካከል የታየው ነገር ግን አንድ ነው። ሁለቱም ጊዜ ጎንደር የምትጠብቀው ከሩቅ የሚመጣ አንድ ሰው ነበር። ሰውዬው ሲመጣ ሕክምናው ይመጣል፤ ሲሄድም አብሮት ይሄዳል። ፖንሴ የመድኃኒት ሣጥኑን ዘግቶ ወደ ምጽዋ ሲወርድ በጎንደር የተከለው መድኃኒት ቤት ወይም ያሠለጠነው ቀማሚ እንዳለ ጽሑፉ አያነሣም። የታከሙትም በግንቡ ውስጥ የነበሩ እንጂ ከግንቡ ውጭ ያለው ደጋ አልነበረም።

ለዚህ ጉድለት የተለየ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ በቆላ ድባ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ አሳብ አንድ ታላቅ ሐኪም ማፍራት ሳይሆን ቡድን ማሠልጠን ነበር። የጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድነት ተምረው በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ግን ፋርማሲስት ቦታ አልነበረውም። በአዲስ አበባ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ትምህርቱም ለረዥም ጊዜ ያተኮረው በመድኃኒቱ ዝግጅት፣ ጥራትና ስርጭት ላይ ነበር። ይህ ማተኮር የጊዜው ግዴታ ነበር፤ መድኃኒቱ ራሱ በሌለበት ስለ አጠቃቀሙ መምከር አይቻልምና።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የፋርማሲ ትምህርት ሥርዓት ወደ በሽተኛው እንዲያዘነብል ተሻሻለ፤ ተማሪዎችም በመጨረሻው ዓመት በሆስፒታል ክፍሎች ተዘዋውረው እንዲሠሩ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለክሊኒካል ፋርማሲ አገልግሎት ቦታ ሰጠ። ከሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተወለደው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ በፋርማሲ ትምህርት ቤቱ ክሊኒካል ፋርማሲን ያስተምራል። በ1947 ዓ.ም. ቡድኑ የተቋቋመው ያለ ፋርማሲስት ነበር፤ የጎደለው ወንበር የተሞላው ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የፖንሴ ትምህርት

ወንበሩ መኖሩ ግን ሥራውን አይሠራውም። ከዳባት ወይም ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ ቁልቁለትም ተነሥቶ ጎንደር ሆስፒታል የሚተኛ በሽተኛ አስቀድሞ ከመድኃኒት ቤት የገዛው፣ ከጎረቤት የተቀበለው፣ ከባህል ሐኪም የጠጣው ነገር ይኖራል። እንደ አባ ብሬቭዳን ይህን ሳይናገር ሊቆይ ይችላል፤ ካልተጠየቀም አይናገርም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታሉ ሲያልቅበት መንገዱ ርቆት ሳይወስድ ቢቀር፣ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊነሣበት እንደሚችል የሚያስረዳው ያስፈልገዋል። ኩላሊቱ የደከመ በሽተኛ የሚሰጠው መጠን እንዲቀነስለት የሚያስብ ሰው በጉብኝቱ ላይ መገኘት አለበት። ይህን የሚያደርገው ፋርማሲስት በሐኪሙ ሥራ የሚገባ ሳይሆን ከሙያው ተነጥቆ የቆየውን ሥራ የሚመልስ ነው። ሐኪሙም ምክሩን እንደ ነቀፋ ሊያየው አይገባም፤ ፋርማሲስቱም የመናገር ግዴታ እንጂ የመናገር ፈቃድ ብቻ እንደ ተሰጠው ማሰብ የለበትም።

ሻርል ዣክ ፖንሴ ለዚህ ሥራ ግማሽ ምሳሌ ይሆናል። ከበሽተኛው አጠገብ ቆይቷል፤ ሕክምናውን እስከ ውጤቱ ተከትሏል፤ በቀማሚነቱ ቢናቅም ሥራውን አላሳነሰም። ሌላውን ግማሽ ግን አላሟላም። የሰጠውን በሚገባ አልመዘገበም፤ አብሮት የሚሠራ አልነበረም፤ ተተኪም አላቆመም። ከዚህ የተነሣ ያየውን እውነት ለማስረዳት እንኳ ከራሱ ቃል በቀር ምስክር አልነበረውም፤ ክብሩም በሌሎች ጥርጣሬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዛሬ በጎንደርም ሆነ በሌላ ሆስፒታል በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆም ፋርማሲስት በታካሚው መዝገብ ላይ የሰጠውን ምክር፣ ምክንያቱንና የታየውን ውጤት ጽፎ ሲፈርም፣ ፖንሴ ሳይሠራ የሄደውን ሥራ ይሠራል። በማግስቱ ተረኛ የሚሆነው ባልደረባም ከዚያው መዝገብ ተነሥቶ ይቀጥላል።